ነጯ ወይስ ግራጫዋ

ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር
ሰኔ 3 ቀን 2015

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ወልደሥላሴ፣

ገዳሪፍ እንዴት ይዛሃለች? ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ ሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከተማው ግን ደህና አይደለም። መልሱን ስላዘገየሁ አትቆጣኝ። እዚህ ሰፈር ስልክ መሥራት ካቆመ ወር አልፎታል፤ ስልክ የያዘውንም ኬላ ላይ አስቁመው ይበረብሩታል። ስለዚህ በርበሬ ነጋዴዋ ወለተማርያም ከሳጃና ሰፈር ወደ አንተ ለንግድ እስክትመጣ መጠበቅ ነበረብኝ። ደብዳቤውን በርበሬ ከረጢት ውስጥ ነው የምትከተው፤ ቢያስነጥስህ በእኔ አትፍረድ።

«እንደ ሰው ሁሉ በባስ ለምን አትመጡም?» ላልከው፣ ሰው ሁሉ እንደ ልጄ ሚስት አይደለም። ሩባ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያውን በኦፕራሲዮን ወልዳ እንደሞተባት ታውቃለህ። ሐኪሟ ይሄኛውንም ያለ ኦፕራሲዮን እንዳትሞክሪው፣ ማህፀንሽ አይችልም ብሏታል። እሷ ካለችበት ከሶባ ጀምሮ እስከ እኔ ድረስ ይህን የሚሠራ ሆስፒታል አንድም ክፍት የለም። እግሯ አብጦ ጫማ አይገባላትም። ታዲያ ባስ ላይ ሁለት ቀን ተጣጥፋ ትቀመጥ? ተኝታ ነው መሄድ ያለባት። ሙሀነድንም የሚሠራባትን ታክሲ፣ አምጀዷን፣ በጦርነቱ የመጀመሪያ ሳምንት ታጣቂዎች ነጥቀውታል፤ ሹፌር ልጄ ያለ መኪና ቀርቷል።

ያለን የአሠሪዎቼ መኪና ነው። ኡስታዝ አልሲርና ማዳም ሰውሰን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ግብፅ ሲሄዱ የሁለቱንም መኪና ቁልፍ እኔ እጅ ላይ አስቀመጡ። ማዳም እያለቀሰች፣ አንዷን ለልጅሽ ውሰጂ፣ አንዷ ትቆየን አለችኝ፤ ወረቀትም ጽፋልኛለች። ቤንዚኑም የሁለቱ ተደምሮ ነው አንዷን ገዳሪፍ የሚያደርሰው። ታጣቂዎቹ ሁለት ጊዜ ቤቱን ፈትሸው ቴሌቪዥኑንና ምንጣፉን ወስደዋል። መኪኖቹ ግን ጓሮ፣ የሣር ዳሱ፣ ረኩባው ጥላ ሥር ናቸው። መግቢያውን በተሰባበረ ፍሪጅና በቆርቆሮ ስለዘጋነው አላዩአቸውም።

አሁን የጠየቅከኝን ልመልስ። ሁለቱም የኮሪያ ናቸው፣ ለቤተሰብ የሚሆኑ፣ ከፍ ያሉ። በአንድ ወር ነው የተገዙት፤ ማዳም ከባሌ ያነሰ አልነዳም ስላለች። ከፊት ያያቸው መንታ ነው የሚላቸው። ሙሀነድ እንዳዘዝከው አንድ ቀን ሙሉ ከሥራቸው ተጋድሞ ዋለ። ጎማው ጎን ላይ ያለውን፣ የተሠራበትን ዘመን የሚያሳየውን አራት አሃዝ አንብቧል፦ የግራጫዋ ጎማ የሁለት ዓመት ነው፣ የነጯ የአምስት። ግራጫዋ ከመሬት ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ቤንዚንም ትቆጥባለች። የነጯ ኤሲ በደንብ ያቀዘቅዛል፣ የኋላ ወንበሯም ሲታጠፍ እንደ አልጋ ልክ ብሎ ይተኛል። የግራጫዋ መሐሉ ላይ ጉብ ይላል፤ ፍራሽ ከተነጠፈበት ግን ምንም አይልም ብሏል ሙሀነድ። ባትሪው፣ ዘይቱ፣ የራዲያተሩ ውኃ የሁለቱም ደህና ነው።

መልካቸውንም ጠይቀሃል፤ ምን እንደሚያደርግልህ እንጃ። ከሚያዝያ ወዲህ ውኃ አልነካቸውም። ግራጫዋ አቧራው ብዙ አይታወቅባትም። ነጯን ግን ብታያት ታዝንላታለህ። አፈርና የኒም ቅጠል ተጋግሮባት፣ ባለቤት አጥታ የተጣለች ነው የምትመስለው። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አፍርባታለሁ።

ሙሀነድ ግራጫዋን ይላል፤ እኔም እንደሱ። አንተ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ሥር የኖርክ ሰው ነህና ያልከውን ነው የምናደርገው። የሩባ ቀን እየደረሰ ነው፣ ፍጠንልን።

እህትህ እፀገነት


ገዳሪፍ
ሰኔ 9 ቀን 2015

እፀገነት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አላስነጠሰኝም፤ ዓይኔን ነው ያቃጠለው።

ነጯን ውሰዱ።

ሙሀነድ እንደሚያጉረመርም አውቃለሁ። ጎማዋ አሮጌ ከሆነ የግራጫዋን አራቱንም አውልቆ ነጯ ላይ ይግጠም፤ መንታ ናቸው ካላችሁኝ ይገጥማል። ቤንዚን ትበላለች ካለ ቀስ ብሎ ይንዳ። ለምን ነጯን እንዳልኩ በወረቀት አልጽፈውም። ደብዳቤው ኬላ ላይ ቢነበብ ከእኛ አልፎ መንገድ ላይ ላለው ሰው ሁሉ ጦስ ነው። ለወለተማርያም በቃል ነግሬያታለሁ፤ ሁለት ጊዜ አስደግሜያታለሁ። እሷ የምትልሽን አድርጊ።

አንተ መጥተህ ለምን አትነዳም ብትይኝ፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ካለፈበት ስድስት ወር ሆኖታል፤ እዚሁ ከተማው በር ላይ ነው ለቅመው የሚያስሩኝ። ሽሽት እንዳይመስልሽ። መቅረቴ ራሱ ያሳፍረኛል።

ዶክተር ተውፊቅን አነጋግሬዋለሁ። ድሮ መኪናውን የምሠራለት ሰው ነው። በደረሰች ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገባታለሁ ብሎኛል። ከሐምሌ 5 እንዳታልፉብኝ ብሏል። አንቺም ከፊት ወንበር ትቀመጫለሽ። ቤት መጠበቅ ምናምን የምትይውን አልሰማም።

ወንድምሽ ወልደሥላሴ


ካርቱም፣ ሪያድ
ሰኔ 16 ቀን 2015

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ፤ ያመጣችው ግን ወለተማርያም አይደለችም። መዳኒ ከተማ ስትደርስ ወባ ጣላትና እዚያ ዘመድ ቤት ተኝታ ቀርታለች አሉ። ደብዳቤውን ነቢዩ ለሚባል የሳጃና ዳቦ ሻጭ ሰጥታው፣ እሱ ነው በካልሲው ውስጥ ይዞልኝ የመጣው። የቃል መልእክት ነበረው ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ትኩሳቱ አናቷ ላይ ወጥቶ ሰውም አትለይ ነበር አለኝ። እንግዲህ ምን ይደረጋል።

ቢሆንም ገብቶኛል፣ አትጨነቅ። ለሩባ አስበህ ነው ነጯን የመረጥከው፤ ለወንበሯና ለኤሲዋ። ይህን እንኳ በወረቀት ብትጽፈው ማን ይከስህ ነበር? ሁልጊዜ ነገር ታካብዳለህ። ሙሀነድ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጎማውን ቀየረ፣ ቤንዚኑን በጎማ ቱቦ እየሳበ ቀዳ። ሐሙስ ሰኔ 22፣ በዒዱ ማግስት ጠዋት ይወጣሉ። በዒድ ሥጋ የጠገበ ወታደር አይከፋም ብሎ ነው ቀኑን የመረጠው።

እኔ ደግሞ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ። ከካሮ፣ ከውኃ ሻጩ የአህያ ጋሪ ላይ፣ ሁለት በርሜል ውኃ ገዝቼ ትናንትና ዛሬ ነጯን ሳጥባት ዋልኩ። ውኃ በጠፋበት ጊዜ እብድ ናት በለኝ፤ ሙሀነድም ብሎኛል። ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ግቢ ስኖር ሳይታጠብ የወጣ መኪና የለም፤ ኡስታዝ ራሱ በጭቃ መኪና ሥራ ሄዶ አያውቅም። ደግሞም አንተ ዕድሜህን ጋራዥ ስለጨረስክ አታውቀውም እንጂ የዚህ አገር ኬላ እንዴት እንደሚሠራ እኔ አውቃለሁ። አቧራ የጠጣች አምጀድ ስትመጣ ያስቆሟታል፣ ውረዱ፣ ኢቃማ አምጡ፣ ከየት ነሽ ያ ሐበሺያ ይላሉ። በማዳም መኪና ከኋላ ተቀምጬ ስሄድ ግን አንድም ቀን፣ አንድም ቀን አላስቆሙንም። መስታወቱ የሚያበራ መኪና ሲያዩ ፖሊሶቹ እጃቸውን ያነሣሉ። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ነው ብለው ይፈራሉ። ልጆቼን ማንም ድሃ አግኝቻለሁ ብሎ እንዳያንገላታብኝ ነው።

ጎማዋ ሳይቀር በቅባት ተወልውሏል። አሁን በማዳም አንሶላ ሸፍኛታለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ነው የምገልጣት። ከሚያዝያ ወዲህ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እኔ አልመጣም። ተቆጣ። ሩባ እግሯን መዘርጋት አለባት፣ ፊት ወንበር ላይ ደግሞ የውኃውና የዕቃው ቦታ ነው። አደራ የተባልኩትንም ቤት ጥዬ አልወጣም። ሕፃኑን ስትስመው ለእኔም ሳምልኝ።

እፀገነት


ገዳሪፍ
ሰኔ 21 ቀን 2015

እፀገነት፣

እንዳትልኪያት። ይህ ሲደርስሽ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ካለች አፈር አልብሻት። ውኃ ረጭተሽ አመድ፣ ጭቃ፣ ያገኘሽውን ደፍተሽ አበላሻት። አንዱን መብራት ስበሪው።

ደብዳቤሽ አሁን ነው የደረሰኝ። ነገ ጠዋት እንደሚወጡ ይላል። ከተማው ዳር ወጥቼ፣ ስልክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስደውል ነበር። የሙሀነድ አይጠራም። የዳቦ ሻጩን ቁጥር ከሰው ለመንኩ፤ እሱም አይጠራም። ዒድ ነው፣ ዛሬ ወደ እናንተ የሚሄድ ባስ የለም። ቢኖርም አይደርስም። ይህን እያወቅኩ ነው የምጽፍልሽ።

የድሮው ኬላ የለም እህቴ። የድሮው ፖሊስ የለም። እነዚህ መኪና ነው የሚፈልጉት። እኔ እዚህ ከኬላው ወዲህ መግቢያው ላይ ተቀምጬ ከካርቱም የሚመጣውን ሁሉ ስቆጥር ነው የከረምኩት። ደህና ሆኖ የገባ መኪና ሁሉ ቆሻሻ ነው። ሰው ሆን ብሎ ጭቃ ይቀባል፣ መስታወት ይሰነጥቃል። የጸዳ መኪና አንድም አልደረሰም፤ ባለቤቶቹ ናቸው በእግራቸው የሚመጡት። ግራጫ መኪና አቧራውን ይደብቃል፣ ከሩቅ አዲስ ይመስላል። ነጯ ግን የተጣለች ትመስላለች አልሽኝ። ነጯን ያልኩት ለዚህ ብቻ ነው። አቧራዋን እንዳትነኪባት ብዬ ነው ለወለተማርያም የነገርኳት። ጽፌው ቢሆን ኖሮ። ምን ነበር ብጽፈው።

ሰኔ 24፣ ቅዳሜ። ሦስተኛ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ መግቢያው ላይ ዋልኩ። መኪናዋ አልመጣችም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስ፣ ነገ የሚሄድ ሰው አግኝቼ ነበር፤ አልሰጠሁትም። ልጆቹ ደህና ከሆኑ አያስፈልግሽም። ደህና ካልሆኑ ደግሞ እንዳታነቢው። «ወጡ ወይ?» ብዬ ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ ላክሁልሽ።


ካርቱም፣ ሪያድ
ሐምሌ 4 ቀን 2015

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከረምክ? ገዳሪፍ ዝናቡ ገባ ወይ? እዚህ አንድ ቀን ዘንቦ ጓሮው ውኃ ይዞ ነበር። ሁለት መስመርህ ደርሳኛለች። ወለተማርያም ገና መዳኒ ናት፤ ተሽሏታል አሉ። ግራጫዋ ያለችበት አለች፤ ቤቱም ደህና ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወረቀቱን ልሞላው ነበር። ሦስት ቀን እስክሪብቶ አንሥቼ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ሩባ አርፋለች።

ሙሀነድ የነገረኝን እነግርሃለሁ። ሐሙስ ጠዋት ከሶባ ወስዷት፣ ከኋላ ተኝታ፣ ትራሷን ይዛ ወጡ። ከሶባ አለፍ ብሎ ያለው ኬላ ላይ ተሰለፉ። ከፊታቸው ሰባት መኪና አለፈ፤ ፍራሽ የጫነ፣ ፍየል የጫነ፣ መስታወት የሌለው። እነሱን ግን ወደ ዳር አሏቸው። አንዱ ኮፈኗን በእጁ እየዳበሰ፣ ይቺ ዛሬ ከመደብር የወጣች ናት ብሎ ሳቀ አሉ። የማዳምን ወረቀት ቀደዱት። ሙሀነድ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሆስፒታል አድርሼ መልሼ አመጣላችኋለሁ ብሎ ለመናቸው። ትራሷን አውርደው እሷንም አወረዷት። ፀሐዩ ላይ እስከ እኩለ ቀን ቆዩ። ምጡ እዚያው ጀመራት። የአህያ ጋሪ ለምኖ ወደ ሶባ መለሳት፤ የሰፈር አዋላጅ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ምን ታድርግ፣ ቢላ የላት፣ ደም የላት። ልጅቷ በሕይወት ወጣች። እናትየው እስከ ዐስር ሰዓት ደሟ ፈሶ አለቀ። መቃብር ቦታው ስለማይደረስበት ቤታቸው ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ ነው የቀበሯት። እናቷ ፖርት ሱዳን ናት፣ ገና አልሰማችም።

እኔ በሁለተኛው ቀን ሰምቼ በእግሬ ሄድኩ። አሁን ሙሀነድም ልጅቷም እኔ ጋ ናቸው። ልጅቷ ሰፋ ትባላለች፤ ሩባ ያወጣችላት ስም ነው። የፍየል ወተት በውኃ አቅጥኜ ነው የምሰጣት። እስካሁን ይዛዋለች።

ሙሀነድ አይተኛም። ሰባት መኪና አልፎ እኛን ብቻ ለምን? ይላል ቀኑን ሙሉ። ሞተሩን ባላጠፋው ኖሮ፣ ዓይኑን ትክ ብዬ ባላየው ኖሮ ይላል። ልጅቷን አንሣት ስለው በዚህ እጄ አልነካትም ይለኛል። እግዜር ያመጣው ነው እለዋለሁ። በኛ በኩል የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ጎማው ተቀይሮ፣ ውኃው ተሞልቶ፣ መኪናዋ እንደ ሙሽራ ታጥባ ነው የወጣችው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ወለተማርያም በቃል ልትነግረኝ የነበረው ምን ነበር? አሁን ምንም የሚያስፈራ የለም፣ ጻፍልኝ።

እፀገነት


ገዳሪፍ
ሐምሌ 11 ቀን 2015

እፀገነት እህቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሙሀነድንም ያጽናው። ከዚህ ሌላ የምለው ጠፋኝ። ዶክተር ተውፊቅ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት፤ አልጋዋን እስከ ትናንት ይዞላት ነበር።

የቃል መልእክቱን ጠይቀሻል። ከሶባ በኋላ በእርሻው መሐል የሚያልፍ ጥርጊያ መንገድ አለ፤ በዚያ ሂዱ ነበር ያልኩት። ለጭቃ ነጯ ትሻላለች ብዬ ነው የመረጥኳት። በኋላ ግን ያ መንገድ በዚያው ሳምንት በዝናብ ተቆርጦ እንደነበር ሰምቻለሁ። ስለዚህ ወለተማርያም ደርሳ ብትነግርሽም ለውጥ አልነበረውም። ይህን ደግመሽ አታስቢው። እኔም አላስበውም።

ለልጅቷ የዱቄት ወተት ሁለት ቆርቆሮ ልኬያለሁ። ይዘሻት ነይ፤ በባስም ቢሆን ነይ።

ወልደሥላሴ


ካርቱም፣ ሪያድ
ሐምሌ 29 ቀን 2015

ወንድም ጋሼ ወልደሥላሴ፣

ወተቱ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰፋ ጉንጭ ማውጣት ጀምራለች።

ወለተማርያም ሰኞ ዕለት ከሳጃና እዚህ ድረስ በእግሯ መጣች። ከስታ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ለቅሶ ልትደርሰኝ መስሎኝ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። እሷ ግን ሳትቀመጥ፣ አደራህን ሳላደርስ ቀረሁ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ከዚያ ነገረችኝ። አቧራዋን እንዳትነኪባት። ሁለት ቃል ናት። ሁለት ጊዜ እንዳስደገምካትም ነገረችኝ።

ስለዋሸኸኝ አልተቀየምኩህም። ስምንት ቀን አስተኝተኸኛል፤ ማንም ከዚህ የበለጠ አላደረገልኝም። አንተም ብጽፈው ኖሮ እያልክ ራስህን እየበላህ እንደሆነ አውቃለሁ። ተው። ውኃውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ጨርቁን የያዘው የእኔ እጅ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ስወለውላት እያንጎራጎርኩ ነበር።

ለሙሀነድ ልደብቀው ሞከርኩ። አንተ ለእኔ እንዳደረግከው ላደርግለት ፈለግኩ። ግን ጥፋቱን እሱ ተሸክሞታል፤ በእሱ ዓይን፣ በእሱ እጅ የሆነ መስሎት ልጁን እንኳ አይነካም። ማክሰኞ ጠዋት ተቀመጥ አልኩት። ሰባቱ ለምን እንዳለፉና እናንተን ለምን እንዳስቀሯችሁ ልንገርህ፣ ስላጠብኳት ነው አልኩት። አጎትህ እንዳልነካት ልኮብኝ ነበር፤ መልእክቱ ሳይደርሰኝ ቀረ፤ እኔ ግን ሳልጠየቅ አጠብኳት አልኩት።

አልጮኸም። ተነሥቶ ሰፋን ከፍራሹ ላይ አነሣት። ከተወለደች የመጀመሪያው ነው። አቅፏት ወጣ፤ ጥላው ሥር እስኪመሽ ይዟት ተቀመጠ። ይህን በማየቴ አመሰገንኩ። ስለነገርኩት አልጸጸትም።

የፊታችን ረቡዕ ልጅቷን ይዞ በባስ ወደ አንተ ይመጣል። መግቢያው ላይ ጠብቀው። እኔ እንድመጣ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም። ዶክተር ተውፊቅ ልጅቷን ይይልኝ።

ሙሀነድ አልከፋብኝም፣ እንዳይመስልህ። ዳቦ ያመጣል፣ ውኃ ይቀዳልኛል፣ ማታ በሩን ይዘጋልኛል። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ በአማርኛ አያናግረኝም። በዚህ ከተማ አማርኛ ያስተማረው እኔ ነኝ፤ ሱዳናዊው አባቱ እንኳ ሳይገባው የምናወራበት የሁለታችን ቋንቋ ነበር። ከሰው ጋር ዓረብኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። አሁን ሁሉንም በዓረብኛ ነው፤ በትሕትና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ትናንት የውኃው ጋሪ መጥቶ ከበሩ ጠራኝ። እማ አላለኝም። መንገድ ላይ ለሚያገኛት ለማንኛዋም አሮጊት እንደሚለው፣ «ያ ሐጃ» አለኝ። እኔም አቤት አልኩት።

እፀገነት